እጀታው ሲከብድ

የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ሲተኮስ ጆሮን ሸፍነውም ቢሆን ድምፁ ደረት ላይ ያርፋል። በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የተኩስ መለማመጃ ከእጄ የወጣው ድምፅ ግን የሳጥን ክዳን ሲወድቅ ዓይነት ነበር። ሽጉጡ ወደ ኋላ አልገፋኝም። ቀለሁም ተስፈንጥሮ አልወጣም። ጥይቱ ያልተቀጣጠለ መስሎኝ ስቤ ሌላ ላጎርስ ስል፣ አጠገቤ ሲተኩስ የነበረ ጠና ያለ ሰው እጁን አንሥቶ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። አፈ ሙዙን ከዒላማው ሳላዞር መሣሪያውን አራገፍኩ፣ ፈታሁት፣ በርሜሉን ወደ ብርሃን ያዝኩት። ብርሃን አላሳለፈም። አረሩ መሀል በርሜል ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል።

ሌላ ጥይት አጉርሼ ተኩሼ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አረር ከመጀመሪያው ጋር ተላትሞ በርሜሉ እጄ ውስጥ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ያቺን ጥይት ደግሞ ፋብሪካ አልሠራትም። በቤቴ ምድር ቤት፣ በገዛ የጥይት መሙያ ፕሬሴ የሞላኋት ናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፕሬሱን ከተቸነከረበት ሰሌዳ ጋር ነቅዬ መኪና ላይ ጫንኩና ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ በልጅነታቸው መካኒክነት የተማሩ፣ አሜሪካ ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሜ አይጻፍ ስላሉ አልጽፈውም። ዒላማ ተኩስ ይወዳሉ፤ የሚተኩሱትን ጥይት ራሳቸው ይሞላሉ። ማሽኑን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጠው ኪያቤም ካቻቢቴም አላነሡም። ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ዙሪያውን እየዞሩ ካዩት በኋላ «ከተበላሸ ጀምሮ ስንት ብሎን ነካህ?» አሉኝ።

አምስት ነበር የነካሁት። ምናልባትም ስድስት።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ጥይት አራት ነገር ነው። ናሱ ቀለህ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ጫፉ ላይ የሚሰካው አረር፣ ከሥሩ የምትቀመጠውና የሽጉጡ መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋው ትንሿ ቆብ፣ ማለትም ፕራይመሯ። ከተተኮሰ በኋላ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ፕራይመሯ ትሞታለች። ቀለሁ ግን ይተርፋል። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው ይህ ናስ በተኩሱ ግፊት ያብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መልሶ ደጋግሞ መሙላት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ለራሱ መተኮሻ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ግድ ነው። በሀገራችን ነገሩ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ማንም ይህን አንብቦ በጓሮው እንዲሞክር አልመክርም።

ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው በወጪ ነው። ወይም እንደ 2020ው የወረርሽኝ ዘመን ጥይት ከመደብር ሲጠፋ ነው። ያኔ ፕራይመር ራሷ እንደ ወርቅ ተፈልጋ ጠፍታ ነበር። የእጥረት ዘመን የዚህ ሙያ አዋላጅ ሳይሆን አይቀርም። ካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን የተባለ ሰው አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የተሰኘውን ድርጅት የመሠረተው፣ ጦርነቱ የአረር ገበያውን ባደረቀበት ጊዜ ከተተኮሱ የ.22 ቀለሆች የአረር ሽፋን የሚሠራ ስታምፖ፣ ማለትም ብረት ቅርጽ የሚይዝበት ማውጫ፣ አበጅቶ ነው። ሪቻርድ ሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 በመዶሻ እየመቱ የሚሞሉበትን ትንሽና ርካሽ ዕቃ ይዞ ብቅ አለ። የዛሬው ፕሬስ የእነዚያ ልጅ ነው።

የእኔ ማሽን አራት ጣቢያ አለው። ቀለሆቹን የያዘው ክብ ሳህን በእጅ ይዞራል። እጀታውን ወደ ታች ስትስበው ዘንጉ ሳህኑን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ አራት ቀለሆችም በአንድ ጊዜ ወደ አራት ስታምፖዎች ይገባሉ። በመጀመሪያው ጣቢያ የሞተችው ፕራይመር ተገፍታ ትወጣለች፣ ያበጠው ናስ ይሰበሰባል። እጀታውን መልሰህ ወደ ፊት ስትገፋው አዲሷ ፕራይመር ትገባለች። በሁለተኛው ባሩድ ይወርዳል፣ የቀለሁ አፍም አረሩን ለመቀበል በትንሹ ይከፈታል። በሦስተኛው አረሩ ይሰካል። በአራተኛው የተከፈተው አፍ ተመልሶ ይጨበጣል። አራት ሥራ በአንድ ስበት ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንዱ ጣቢያ ሲታመም እጅህ የሚሰማው የአራቱን ድምር ነው። እጀታው ሲከብድብኝ የቱ ጋ እንደከበደ አላወቅኩም፤ ስለዚህ ሁሉንም ነካካሁ።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት ከማራገፍ ነው። በሳህኑ ላይ የቀሩትን ቀለሆች አንድ በአንድ አወጡ። መስፈሪያው ውስጥ የነበረውን ባሩድ ወደ ገዛ ጣሳው መለሱና ጣሳውን ከክፍሉ አስወጡት። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ ማስቀመጥ በእሳቸው ቤት የተከለከለ ነው፤ ፈጣኑን ባሩድ በዝግተኛው ፋንታ የሰፈረ ሰው መሣሪያው ሊፈነዳበት ይችላል። ከዚያ በቱቦ ተደርድረው የነበሩትን ፕራይመሮች ቱቦውን ቀስ ብለው ገልብጠው በሰፊ ሳህን ላይ አፈሰሷቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ እኔንም አስጠለቁኝ። በቱቦ ውስጥ ያሉ ፕራይመሮች አንዷ ብትፈነዳ ሌሎቹ ተከታትለው ይፈነዳሉ፤ ቱቦው በወፍራም ብረት መከለያ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። አንዷ ተቀርቅራ አልወጣ ብትል በሽቦ መጎርጎር የለም። «ፕራይመር ሲያዩዋት አንድ ፍሬ ምስር ታክላለች። ጣት ግን ትወስዳለች» አሉኝ።

ማሽኑ ባዶ ሲሆን እጀታውን ሳቡት። ያለ ቀለህም ይከብዳል። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቀለህ በሌለበት የሚከብድ ከሆነ ችግሩ ከስታምፖ ወይም ከናስ አይደለም፤ ከዘንጉ፣ ከመገጣጠሚያው ወይም ከሳህኑ ነው። በቀለህ ብቻ የሚከብድ ቢሆን ኖሮ ስታምፖውን፣ የናሱን ቆሻሻ፣ የቅባቱን ማነስ እንጠረጥር ነበር። እኔ ይህንን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ኪያቤ ያነሣሁት።

ሳህኑን ፈትተው ሲያነሡት ሥሩ ጥቁር ነበር። እንደ ጥላሸት የለሰለሰ ሳይሆን እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻካራ። ፕራይመር ስትነድ የምትተወው አመድ ነው። ከሞተችው ፕራይመር ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘንጉ ላይ ያርፋል፣ ከግራሶ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። አዲሷን ፕራይመር ከቱቦ ተቀብላ ወደ ቀለሁ ሥር የምትወስደው ተንሸራታች ብረት ሥርም እንዲሁ ተጋግሯል። ተንሸራታቿ እስከ መጨረሻ ድረስ ስለማትሄድ ፕራይመሯ ከጉድጓዷ ትይዩ ሳትሆን ጠርዝ ላይ ታርፋለች፤ ጠማማ ትገባለች፣ ወይም ወጣ ብላ ትቀራለች። በትክክል የገባች ፕራይመር ከቀለሁ ሥር ጋር እኩል ወይም ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለች ናት። ጋሼ ይህን የሚለኩት በጣታቸው ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ያሳልፉባታል።

እኔ ግን ፕራይመሮቹ ወጣ ወጣ ማለት ሲጀምሩ በጉልበት እየገፋሁ ነበር የማስገባቸው። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ጉልበት መጨመርን ይህ ሥራ ይቅር አይልም ብዬ አምናለሁ። በእጀታው በኩል የሚመጣው ክብደት ወሬ ነው። የተቀባ ቀለህ ለስለስ ብሎ ይገባል፤ አቧራ የያዘ ይጮኻል። የወታደር ቀለህ ሲሆን ፕራይመሯ እንዳትወጣ የጉድጓዷ ከንፈር ተጨብጦ የተሠራ ስለሆነ፣ ያ ጭብጥ ተስፋፍቶ ካልተስተካከለ አዲሷ አልገባም ትላለች። የ.45 ሽጉጥ የሚሞላ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ ቀድሞ ሁሉም ትልቅ ፕራይመር ይወስድ የነበረው ቀለህ ዛሬ ትንሽ ፕራይመር የሚወስድም ተቀላቅሎበታል። ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። የሚለያቸው የእጅ ስሜት ነው። ስሜቱን በጉልበት የሸፈነ ሰው ፕራይመሯን ይጨፈልቃል፤ አንዳንዴ ከመጨፍለቅም ታልፋለች።

ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ስታምፖ ውስጥ ወጣ። የሞተችውን ፕራይመር የምትገፋው ቀጭን መርፌ ጫፏ ተሰብሯል። ጋሼ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝና ከእኔ የቀለህ ባልዲ እፍኝ ዘግነው እያንዳንዱን በባትሪ ውስጡን ማየት ጀመሩ። ከደቂቃዎች በኋላ አንዱን አቀበሉኝ። የሌሎቹ ወለል ላይ መሀል ለመሀል አንድ ቀዳዳ አለ፤ በዚህኛው ግን ከመሀል ፈንጠር ያሉ ሁለት ደቃቅ ቀዳዳዎች ናቸው ያሉት።

ከዚህች ቀዳዳ ጀርባ ልዩ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1866 ሁለት ሰዎች በሁለት ሀገር አንድን ችግር ፈቱ። እንግሊዛዊው መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰር ፕራይመሯ የምትመታበትን ትንሽ መስፍ በፕራይመሯ ውስጥ አስቀመጠው፤ ስለዚህ ቀለሁ አንድ ማዕከላዊ ቀዳዳ ብቻ አስፈለገው። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን መስፉን የቀለሁ አካል አደረገው፤ እሳቱም በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ይገባል። ከዚያ ገበያው ተገላበጠ። የእንግሊዙ ሥርዓት አሜሪካን ወረሰ፤ የአሜሪካኑ ደግሞ በአውሮፓና በምሥራቁ ዓለም ጦር ሠራዊቶች ዘንድ ሥር ሰደደ። በአንድ ማዕከላዊ ቀዳዳ ፕራይመርን በቀጭን መርፌ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በቤት መሙላት የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በርዳን ላይ ግን መርፌዋ መስፉ ላይ ታርፍና ትሰበራለች። በሀገራችን የሚታወቀው የክላሽ ጥይት በአብዛኛው የበርዳን ነው፤ ቀለሁም ብረት ነው። ባልዲዬ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ከውጭ ሀገር የመጣ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ነበር፤ ከመለማመጃው ወለል ሳላጣራ የለቀምኩት።

ቦክሰር የሠራው ጥይት ለሰናድር ጠመንጃ ነበር። ሰናድርን አያቶቻችን ያውቁታል። እንግሊዞች ይህን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት ሚያዝያ 10 ቀን 1868 እ.ኤ.አ.፣ መቅደላ ሥር አሮጌ ላይ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ጠመንጃ ወደ ሀገራችን እየበዛ መጣ። የፈረንሳዩ «ግራ» ጠመንጃ «ውጅግራ» ተባለ፤ የውጅግራ ጥይትም ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ኖረ። የጋሼ አያት አርበኛ ነበሩ። ተኩሰው ሲያበቁ ቀለሁን ሳይለቅሙ ከቦታው አይነሡም ነበር ይላሉ ጋሼ። የአያታቸውን የእርሳስ ማቅለጫ ድስት የጋሼ እናት ለብዙ ዘመን ለሌላ ሥራ አልሰጡትም፤ ወጥ አይሠራበትም፣ ውኃ አይቀዳበትም። ይህን የሰማሁት የፕራይመሩን አመድ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ ነው።

ለምን በእርጥብ ጨርቅ? አመዱ እርሳስ አለበት። አብዛኛዋ ፕራይመር ሊድ ስቲፍኔት የተባለ የእርሳስ ውህድ አለባት፤ በደረቅ ብሩሽ ወይም በአየር ግፊት ካራገፉት ትቢያው ሳንባ ይገባል። ቀለህ ሲታጠብም እንደዚሁ ነው። በበቆሎ ቆሮቆንዳ ፍርፋሪ የሚያጥበው ነዛሪ ማሽን በረንዳ ላይ እንጂ ሳሎን አይሠራም። ባለቤታቸው ከላይ ሆነው ቡና መድረሱን ሲጠሩን ጋሼ ሲኒ ወደ ጋራዡ እንዲወርድ አልፈቀዱም። እጃችንን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠብን፣ ሸሚዛቸውን ቀየሩ፣ ከዚያ ወጣን። ከላይ የልጅ ልጃቸው በእግሯ እየተውተረተረች ጠበቀችን። እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእሷን ዕድሜ ነው።

ከቡናው በኋላ ማሽኑን መልሰን ገጠምነው። የድሮው ግራሶ ጨርሶ እስኪለቅ ዘንጉን ጠረጉት፤ አዲሱን በጣታቸው ስስ አድርገው ቀቡት። መብዛቱ ይጎዳል፤ የተረፈው ግራሶ የባሩድ ፍሬ ይሰበስባል። ወደ ፕራይመር መንገድ ደግሞ አንዲት ጠብታ ዘይት እንዳትደርስ ተጠነቀቁ፤ ዘይት የነካት ፕራይመር ልትሞት ትችላለች። የሳህኑን ማዕከላዊ ብሎን እስኪይዝ አጥብቀው፣ ሳህኑ በነጻነት እስኪዞር ጥቂት አላሉት፣ ከዚያ በትንሿ መቆለፊያ ብሎን አሠሩት። ሳህኑ ሲላላ ያዘነብላል። ሲያዘነብል ፕራይመር ጠማማ ትገባለች፤ የጥይቱ ርዝመትም ከአንዱ ወደ አንዱ ይለዋወጣል። የእኔን 10 ጥይቶች በካሊፐር ስንለካ ከ28.6 እስከ 29.1 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ለ9 ሚሊ ሜትር የተፈቀደው የመጨረሻ ርዝመት 29.69 ስለሆነ አላለፉም፤ ግን አረሩ ወደ ውስጥ በገባ መጠን ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። የአረር መስኪያው ስታምፖ ውስጥም የእርሳስና የሰም ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። እኔ ርዝመቱ ሲበላሽ ስታምፖውን ወደ ታች ወደ ላይ ሳዞር ከረምኩ፤ የሚፈለገው ግን መጥረጊያ ጨርቅ ነበር።

የስታምፖው ጥርስ ከየትኛውም ድርጅት ቢገዛ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ። የእኔን በየቦታው ካስተካከሉ በኋላ ጋሼ ነጭ ቀለም አምጥተው ከዳዶው እስከ ማሽኑ ገላ ድረስ አንዳንድ መስመር አሰመሩባቸው። መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በሳንቲም የሚገዛ መድኃኒት ነው፤ ማንም ፕሬስ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ቢያሰምር ደስ ይለኛል።

የዚያች የኅዳሯ ጥይት ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። ፕራይመሯ ነድዳለች፤ አረሩን እስከ መሀል በርሜል የገፋችው እሷ ብቻ ናት። ባሩዱ የት ሄደ?

መልሱ መስፈሪያው ጎን ላይ ተንጠልጥሏል። ባሩዱን የሚሰፍረው ተንሸራታች ብረት ባሩዱን ካፈሰሰ በኋላ ተመልሶ እንዲሞላ የሚስበው ቀጭን ዘንግ አለ፤ ዘንጉን የሚይዘው ሞላና ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። ዳዶው በንዝረቱ ቀስ በቀስ ተፈትቶ ሞላው ላልቷል። ብረቱ አንዳንዴ እስከ መጨረሻ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ግማሽ ላይ ይቆማል። ግማሽ ላይ ከቆመ ቀጣዩ ቀለህ ግማሹን ያገኛል፤ ወይም ምንም። ጋሼ ዳዶውን በሁለት ጣት አዞሩት። ኪያቤ አላስፈለገውም።

በዚህ ማሽን ሳህኑ በእጅ ስለሚዞር የተገላቢጦሹም አለ። ሰው ስልክ ሲያነሣ ሳህኑን ሳያዞር ቀርቶ እጀታውን ደግሞ ቢስብ አንድ ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ይወርድለታል። ፈጣን የሽጉጥ ባሩድ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሁለት እጥፍ ገብቶም ከቀለሁ አፍ ላያልፍ ይችላል። የሚያድነው ዓይን ነው፤ አረር ከመስካት በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ማየት። ጋሼ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የሚያበራ ትንሽ መብራት ገጥመዋል። ለእኔም ከመሳቢያቸው አንድ አውጥተው ሰጡኝ።

ባሩዱን መልሰን ሞልተን 10 ጊዜ አሰፈርንና እያንዳንዱን በሚዛን አየን። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ አንዱ 0.0648 ግራም ብቻ ይመዝናል። አሥሩም ከአንድ አሥረኛ ግሬን በላይ አልተለያዩም። ፕራይመሮችን መለስን። አንድ ቀለህ ብቻ ሳህኑ ላይ አድርገው በአራቱም ጣቢያ አሳለፉት፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። እጀታውን አስያዙኝ። በአንድ ጣት ወረደ።

ደስ ብሎኝ ብሎኖቹን መሰብሰብ ስጀምር ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያቺ ጥይት በወጣችበት ቀን ስንት ሞልተህ ነበር?»

«አራት መቶ። ስልሳውን ተኩሻለሁ።»

«የቀሩትስ?»

መኪናዬ ውስጥ ነበሩ። በሚዛን ለይተን የጎደለባቸውን እናውጣ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀላቀለ ቀለህ እርስ በርሱ የሚለያይበት ክብደት ከባሩዱ መጠን ጋር ይቀራረባል፤ ሚዛን ባዶዋን ከሙሉዋ ለይቶ አይነግረንም። ተነሥተው ከግድግዳው ሁለት የፕላስቲክ መዶሻዎች አወረዱ። ጥይቱ በመዶሻው ራስ ውስጥ ይታሠራል፤ ጠንካራ እንጨት ላይ ሲመቱት አረሩ በራሱ ክብደት ከቀለሁ ይወጣል፤ ባሩዱም አብሮ ይፈሳል። ለአንዷ ጥይት ሦስት ወይም አራት ምት።

340 ጥይት። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ጋራዡ ውስጥ መብራት እስክናበራ ድረስ ቀጠቀጥን። እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ ባሩዱን እያየሁ እቆጥራለሁ፤ ሲደክማቸው እንለዋወጣለን። ፕራይመሯ ገና ያለችበትን ቀለህ ለብቻ፣ አረሩን ለብቻ፣ ባሩዱን ለብቻ። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሙሉ ነበሩ። ከመቶ ሃምሳ በኋላ አንዷ ግማሽ ይዛ ወጣች፤ ጋሼ በማስታወሻቸው ጻፏት። 212ኛዋን መትቼ መዶሻውን ገልብጬ ወረቀቱ ላይ ሳራግፋት አረሩ ብቻ ዱብ አለ። ወረቀቱን አነሡትና ወደ መብራቱ አስጠጉት። ንጹሕ ነበር።

ጋሼ 212 ብለው ጻፉና ቀጣዩን ጥይት አቀበሉኝ።